ማደንዘዣና የሕፃናት አእምሮ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ይህን አርእስት ያገኘሁት ከቤታችን ነው። ታናሽ ወንድሜ የስምንት ወር ሕፃን ሳለ ብሽሽቱ ላይ ቡአ ወጣበትና ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል አለ። እናቴ የፈራችው ቢላዋውን ሳይሆን ማደንዘዣውን ነበር። አንዲት ጎረቤታችን «በሕፃንነቱ የተደነዘዘ ልጅ ሲያድግም ፈዛዛ ይሆናል» ብላት ነበርና ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐኪም ቤት አልሄድም አለች።

እኔ ነገሩን እንደ ተረት ቆጥሬው ኖርሁ። ዘንድሮ ስለዚሁ ጉዳይ ሳነብ ግን ስጋቱ ሥር ያለው ሆኖ አገኘሁት። በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ) የአሜሪካ ሊቃውንት ለሰባት ቀን የአይጥ ግልገሎች ስድስት ሰዓት ያህል ማደንዘዣ ቢሰጡአቸው፣ በአንጎላቸው ውስጥ ብዙ ሕዋሳት ሞቱ፤ ካደጉም በኋላ መማርና ማስታወስ አስቸገራቸው። በዚያ ዕድሜ የአንጎል ሕዋሳት ገና እርስ በርስ የሚተሳሰሩ ስለ ሆነ፣ መልእክታቸው ለረጅም ሰዓት ሲዘጋ አንዳንዶቹ ይጠፋሉ ተብሎ ይታሰባል።

ነገር ግን የአይጥ አንጎል በጥቂት ቀን የሚያድግ ነውና የእርስዋ ስድስት ሰዓት ከሰው ልጅ ስድስት ሰዓት ጋር አይተካከልም። ስለዚህ በሰባት አገሮች የሚገኙ ሐኪሞች 722 ሕፃናትን መረመሩ። ሁሉም እንደ ወንድሜ የቡአ ሕመምተኞች ነበሩ። ግማሾቹ በሙሉ ማደንዘዣ ተኝተው፣ ግማሾቹ እንደ ነቁ ከወገባቸው በታች ብቻ በመርፌ ደንዝዘው ታከሙ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው አእምሮአቸው ቢፈተን የአንደኛው ወገን አማካይ ውጤት 99፣ የሌላውም 99 ሆነ። ይህ በ2019 ታተመ። የተኙት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

የረጅሙና የተደጋጋሚው ነገር ገና አልተቋጨምና። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2016 ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ወይም ስለሚደጋገም ማደንዘዣ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2018 በታተመ ጥናትም ብዙ ጊዜ የተደነዘዙ ልጆች በጣት ሥራና በፍጥነት ጥቂት ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። እነዚህ ልጆች ግን ከሌሎቹ ይልቅ በሽታ የበዛባቸው ስለ ሆኑ ጥፋቱን ከማደንዘዣውና ከበሽታው ለይቶ መናገር ያስቸግራል።

ማደንዘዣን መንፈግስ? እስከ 1980ዎቹ ድረስ «አራስ ሕመም አይሰማውም» እየተባለ ብዙ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ይቀደዱ ነበር። በ1987 በእንግሊዝ አገር የታተመ ምርምር ግን የሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከኦፕራሲዮን በኋላ የተሻለ እንደ ሆኑ አሳየ።

እናቴን ያሳመናት ሐኪሙ ነው። «እናት፣ አንጀቱ ቡአው ውስጥ ተቀርቅሮ ደም ካጣ ይበሰብሳል፤ እኔ የምፈራው ይህን ነው፤ ሥራው አንድ ሰዓት አይፈጅም» አላት። እርስዋም በማግሥቱ ወሰደችው።

የአንድ ልጅ ነገር ለሳይንስ ምስክር አይሆንም። ወንድሜ ግን አሁን ሁለተኛ ክፍል ደርሶ፣ እዚያ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ ንግግሬ መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቃታል።