ዋስ፣ ቀብድና አሻራ በሕግ ፊት



«ዋስ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ገበሬ የለም። ጎረቤት ለማዳበሪያ ሲበደር ዋስ መሆን የቆየ ወግ ነው፤ እምቢ ማለትም ያሳፍራል። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁሉንም ዋስ በእኩል ዓይን አያይም። ተራ ዋስ የሆነ ሰው ክስ እንደቀረበበት ወዲያው «መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይፈለግ» ብሎ መከራከር ይችላል። «በአንድነትና በነጠላ» በሚል ቃል የፈረመ ግን ይህን ማለት አይችልም። አበዳሪው ባለዕዳውን ትቶ በቀጥታ እርሱን ሊከስ ይችላል። የባለዕዳው በሬ በረት ውስጥ ታስሮ ሳለ የዋሱ በሬ ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው። እርግጥ የከፈለ ዋስ ባለዕዳውን መልሶ መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ያ ባለዕዳ የሚከፍለው ቢኖረው ኖሮ ነገሩ ከዚህ ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱ ሲቀርብ ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ የዋስትናው ዓይነትና የገንዘቡ ልክ። ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ካልተገለጸ ሕጉ ዋስትናውን አያጸናውም። ማንበብ ለማይችል አባልም ሕጉ ጥበቃ አድርጎለታል። አሻራው በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። «እዚህ ጋ ብቻ ተጫን» የሚል ሰው ሲመጣ ይህ ይታወስ።

ቀብድም እንዲሁ ነው። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ውሉን የተወው ገዢ ከሆነ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሻጭ ከሆነ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በቆሎው ኩንታሉ ላይ ጥቂት ብር ጨመረ ብሎ ወደ ሌላ ነጋዴ የሚዞር ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ።

በማኅበራቱ ማኅተምና ሰሌዳ ላይ የሚነበበው «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ቃልም ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ማኅበሩ ቢከስር አባሉ የሚያጣው የገዛውን ዕጣ እንጂ ቤቱንና ከብቱን አይደለም ማለት ነው። ያው አባል ግን ለማኅበሩ ብድር በግል ስሙ ዋስ ሆኖ ከፈረመ፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ቃል ከዚያ ፊርማ አያድነውም።