ለቡና ልጣጭ የሚስማማ አሟሚ



በሲዳማ፣ በጌዴኦና በጅማ የሚገኙ የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያዎች ፍሬውን ለገበያ ሲያዘጋጁ የእሸቱን ክብደት 40 በመቶ ያህል የሚሆነው ልጣጭ ተረፈ ምርት ሆኖ ይቀራል። ይህ ልጣጭ ከወንዝ ከገባ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ጉዳቱም ከወንዙ በታች ለሚኖረው ሰውና ከብት ይተርፋል።

ይሁን እንጂ ልጣጩ ካፌይንና ክሎሮጄኒክ አሲድን የመሳሰሉ ተፈላጊ ውሁዶች አሉት። ዋናው ጥያቄ በምን አሟሚ ይውጡ የሚለው ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀርመናዊው ሉድቪግ ሮዘሊዩስ ካፌይንን ከቡና ያስወጣው በቤንዝን ነበር፤ ቤንዝን የደም ካንሰር አምጪ መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኩርት ሶዜል በሙልሃይም የማክስ ፕላንክ የከሰል ምርምር ተቋም ሌላ መንገድ ከፈተ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከከባቢ አየር 73 እጥፍ ግፊት በላይ ሲደርስ እንደ ጋዝ ዘልቆ ይገባል፤ እንደ ፈሳሽም ያሟማል። ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ራሱ ተንኖ ይሄዳል።

ዘዴው ንጹሕ ቢሆንም ይህን ግፊት የሚችል መሣሪያ ለገጠር ጣቢያ አይቀርብም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን ክሎሮጄኒክ አሲድን በሚገባ አያሟማም። ለእንዲህ ያለው ሥራ ውኃና ኤታኖል ይቀርባሉ። በክፍል ሙቀት 1 ሊትር ውኃ 20 ግራም ያህል ካፌይን ሲያሟማ፣ የሚፈላ ውኃ ከ600 ግራም በላይ ያሟማል። በሐረር የቡናን ገለፈት አፍልቶ መጠጣት የቆየ ልማድ መሆኑም ይህንኑ ያስታውሳል። ኤታኖልም ከስኳር ሞላሰስ የሚገኝ ሲሆን፣ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ አምርቶታል።

ሆኖም አሟሚን አረንጓዴ የሚያሰኘው ስሙ ሳይሆን የሥራው ጠቅላላ ሒሳብ ነው። ውኃው በደን ማገዶ ከፈላ፣ ለወንዙ የታሰበው ጥቅም በደኑ ላይ ጉዳት ሆኖ ይመለሳል፤ ደረቁ የቡና ገለፈት ግን ራሱ ማገዶ ይሆናል። ኤታኖልም በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ በ78 ዲግሪ ተጣርቶ በዝግ ዕቃ ተመልሶ መያዝ አለበት። ልጣጩም በቶሎ ስለሚሻግት በተፈለፈለበት ዕለት መሰጣት ይኖርበታል።

ሥራው በዚህ መልክ ሲፈጸም የሚቀረውም ይጠቅማል። በካፌይኑና በታኒኑ ምክንያት ለመኖ የማይመቸው ልጣጭ፣ እነዚህ ሲቀነሱለት ለከብትና ለማዳበሪያ ይቀርባል። ስለዚህ የኬሚስቱ ውጤት የሚለካው በጠርሙስ በሚገባው ዱቄት ብቻ አይደለም፤ ከጣቢያው በታች በሚወርደው ውኃ ንጽሕናም ጭምር ነው።