ቶኒክ የወባ መድኃኒት ነውን?

የዛሬው ንግግራችን ቶኒክ ስለሚባለው መራራ ለስላሳ መጠጥ ነው።

በቶኒክ ጠርሙስ ላይ በዕብራይስጥ «ኪኒን» የሚል ቃል ተጽፎ ታገኛላችሁ። እኛ ኪኒን የምንለው የሚዋጠውን መድኃኒት ሁሉ ነው። ቃሉ ግን በመጀመሪያ የአንድ መድኃኒት ስም ነበር። ይኸውም በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ከሚበቅል ሲንኮና ከሚባል ዛፍ ቅርፊት የሚገኝ የወባ መድኃኒት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1820 ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከቅርፊቱ ለይተው አወጡት። በሕንድ አገር የነበሩ እንግሊዞችም ምሬቱን ለማብረድ ከውሃና ከስኳር ጋር ይጠጡት ነበር።

ታዲያ ዛሬ ቶኒክ የጠጣ ሰው ከወባ ይድናል? አይድንም። በአሜሪካ ሕግ በአንድ ሊትር ቶኒክ ውስጥ ያለው ኪኒን ከ83 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ወባ የያዘው አዋቂ በኪኒን ሲታከም ግን በቀን 1,800 ሚሊግራም ያህል ይወስዳል። ይህን ከቶኒክ ላግኝ የሚል ሰው በቀን ከ20 ሊትር በላይ ሊጠጣ ነው! ኮሶ መራራ ሆኖ ስለሚያሽር፣ የመረረ ሁሉ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም።

ሌሊት ባታቸው ለሚኮማተርባቸው አዛውንቶችም ቶኒክ ይጠቅማል ይባላል። ኪኒን በመድኃኒትነት ሲወሰድ መኮማተሩን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ደምን የሚያረጉትን ሕዋሳት ሊያሳንስ ይችላል። ስለዚህ አሜሪካ በ1994 ለዚህ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ ከለከለች። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የልብ ሕመም ያለባችሁ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቶኒክ ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

እናቶችና አባቶች፣ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ከቆላ አገር የመጣ ወይም እዚያ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከያዘው፣ በተለይም ልጅ ከሆነ፣ ቶኒክ አጠጥታችሁ አታሳድሩት። በኢትዮጵያ ከሚገኙት የወባ ዓይነቶች አንዱ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ኩፓት ሆሊም ሂዱ፤ ከተዘጋም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ወባ ካለበት አገር ነው የመጣነው፣ ደሙ ይመርመርልን» በሉ። በዕብራይስጥም ወባ «ማላሪያ» ነው። ዛሬ ከኪኒን የተሻሉ የወባ መድኃኒቶች አሉ፤ በጊዜ የደረሰ ሰውም ይድናል።

ቶኒክን የሚወደው ለጥሙ ይጠጣው።