ጋዝ የተሸከመ ጣሪያ

(ድምፅ፦ የእንፋሎት ባቡር ፉጨት፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር፣ የለንደኑ ሜትሮፖሊታን፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ሲከፈት ዋሻው ጨለማ መሆኑ ብዙዎችን ያሠጋ ነበር። የዘመኑ ፉርጎዎች ብርሃን የሚያገኙት ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በቀዳዳ በሚያስገባው የዘይት ፋኖስ ነበር። ሜትሮፖሊታን ግን ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ጋዝ በጎማ ከረጢት ሞልቶ፣ ከረጢቱን በእንጨት ሣጥን ከጣሪያው ላይ ጫነው። ተሳፋሪው ዋሻ ውስጥ ጋዜጣ ማንበብ ቻለ!

ይህን ዘመን በዓይናችን የምናየው እንደ ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ ባሉ ጋዜጦች ሥዕሎች ነው። ሥዕሎቹ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ናቸው። ቀራጩ ያልነካው እንጨት ቀለም ይዞ ይጠቁራል፤ የፈለፈለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በሥዕሉ የሚታየው የመብራት ብርሃን እንግዲህ እንጨት ተነሥቶለት የተገኘ ብርሃን ነው። እንዴት ያለ የእጅ ጥበብ ነው! በሥዕል የምናየውም የዚያ ዘመን ካሜራ በዋሻ ውስጥ የሚሮጥ ባቡር ማንሣት ስለማይችል ነው።

ወደ ጋዙ ስንመለስ፣ ኋላ የበርሊኑ ዩልዩስ ፒንች ከዘይት የተሠራ ጋዝ በብረት ታንከር አምቆ ለባቡሮች አቀረበ፤ በብዙ አገርም ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1915 ስኮትላንድ ውስጥ ኩዊንቲንስሂል ላይ ባቡሮች ሲጋጩ ግን፣ የእንጨት ፉርጎዎቹን የያዘውን እሳት ያባባሰው ይኸው የመብራት ጋዝ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወታደሮች ነበሩ።