ስለ መከላከያ ሪሌ ልክና ስለ ጭነት ዕድገት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መከላከያ ሪሌ እንድናገር ስጠየቅ፣ ርእሱ በዚህ አዳራሽ ካለነው ለአንዳንዳችን የዕለት ሥራ፣ ለሌሎቻችን ደግሞ በተማሪነት ዘመን ፈተና ተፈትነንበት ያለፍነው ነገር መሆኑን አስቤያለሁ። ስለዚህ ሰፊውን ትምህርት ትቼ አንድ ነጥብ ብቻ መረጥሁ። ይኸውም በሪሌው ላይ የምናስቀምጠው ልክ፣ በሥራ ቋንቋችን ሴቲንግ የምንለው፣ ሪሌው ከተሠራበት ብረትና መዳብ ቀድሞ የሚያረጅ መሆኑ ነው።

የመከላከያ ሪሌ ሥራ በአጭሩ ዘበኝነት ነው። በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንትና በመስመሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በመለኪያ ትራንስፎርመሮች አማካይነት ያለማቋረጥ ይመለከታል። ብልሽት መኖሩን ሲያረጋግጥ ለሰርኪዩት ብሬከሩ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ብሬከሩም የተበላሸውን ክፍል ከቀረው መረብ ይለያል። ይህ ሁሉ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ጊዜ እንዲፈጸም ይፈለጋል። የዘበኛ ጥፋት ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ሌባ ሲገባ መተኛት፣ ሁለተኛው የቤቱን ባለቤት ሌባ ነህ ብሎ መምታት ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ እንነጋገራለን። ስለ ሁለተኛው የምንነጋገረው ግን ከተማው ከጨለመ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2004 በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ ከፊኒክስ ከተማ አጠገብ፣ ዌስትዊንግ ከሚባለው ማከፋፈያ ጣቢያ ጋር በተያያዘ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ብልሽት ደረሰ። በጣቢያው ትእዛዙን ወደ ብሬከሩ ማድረስ የነበረበት አንድ ረዳት ሪሌ አልሠራም። በሰከንድ ክፋይ መወገድ የነበረበት ብልሽት 39 ሰከንድ ያህል ቆየ። በዚህም ምክንያት ሦስቱም የፓሎ ቬርዴ የኒውክሌር ማመንጫ ክፍሎች ከመረቡ ወጡ። አንድ ትንሽ ረዳት ሪሌ ዋጋዋ ከማመንጫው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ጥበቃን በጥበቃ ላይ መደረብ፣ ማለትም የጎረቤት ጣቢያ ሪሌ የባልንጀራውን ድካም እንዲሸፍን ማድረግ የተለመደው እንዲህ ያለውን አደጋ በመፍራት ነው። የምናገርበት ችግርም የሚነሣው ከዚሁ መልካም አሳብ ነው።

ረጃጅም መስመሮችን በብዛት የሚጠብቀው የርቀት ሪሌ ነው። ሪሌው ቮልቴጁን ለከረንቱ አካፍሎ ኢምፒዳንስን ያገኛል። አንድ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 0.4 ኦም ያህል ስላለው፣ የተገኘው ኦም ብልሽቱ በስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ይነግረዋል። ብልሽቱ በመስመሩ 80 ከመቶ ውስጥ ከሆነ፣ ይህም አንደኛ ዞን ነው፣ ወዲያው ይቆርጣል። መስመሩን አልፎ ጥቂት የሚሄደው ሁለተኛ ዞን የሰከንድ ሲሶ ወይም ግማሽ ያህል ይጠብቃል። ሦስተኛው ዞን ቀጥሎ ያለውን መስመር እስከ መጨረሻው ድረስ ይሸፍናል፤ የጎረቤቱ ዘበኛ መተኛቱን ለማረጋገጥም አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም የሚያምር ነው። ነገር ግን ሪሌው ኪሎ ሜትር አያይም፤ የሚያየው ኦም ብቻ ነው። ከባድ ጭነትም ኦምን ያሳንሳል። መስመሩ በሰላም ኃይል ሲያስተላልፍ ሪሌው የሚያየው ኦም፣ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለሚያልፈው ኃይል ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከጣቢያችን የሚወጣው መስመር 150 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ ያለው 180 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሁለቱ አንድ ላይ 132 ኦም ናቸው፤ 20 ከመቶ ጨምረን የሦስተኛውን ዞን ልክ 160 ኦም እናደርጋለን። የዞኑ ክልል በወረቀት ሲነሣ ክብ ስለሆነ፣ ይህ 160 ኦም የሚገኘው በመስመሩ ማዕዘን፣ ማለትም በ80 ዲግሪ አቅጣጫ ነው። የጭነት ማዕዘን 30 ዲግሪ ቢሆን ክቡ በዚያ በኩል የሚደርሰው 103 ኦም ድረስ ብቻ ነው።

ልኩ በተጻፈበት ዓመት መስመሩ 200 ሜጋ ቮልት አምፔር ይሸከም ከነበረ፣ ሪሌው የሚያየው ጭነት 264 ኦም ነው። ከ103 እስከ 264 ሰፊ ሜዳ ስለሆነ መሐንዲሱ ያለ ሥጋት ይፈርማል። ዓመታት አልፈው ጭነቱ በእጥፍ አድጎ 400 ቢደርስ 132 ኦም ይሆናል። ሜዳው ጠበበ እንጂ አላለቀም። ከዚያ በአንድ ምሽት አጠገቡ ያለው መስመር ከሥራ ውጭ ሆኖ ቮልቴጁ ወደ 85 ከመቶ ቢወርድስ? ቮልቴጁ በራሱ ስለሚባዛ፣ 15 ከመቶ ሲጎድል ከኦሙ 28 ከመቶ ይሄዳል፤ ጭነቱም በ96 ኦም ክቡ ውስጥ ይገባል። ሪሌው አንድ ሰከንድ ቆጥሮ ጤነኛውን መስመር ይቆርጠዋል። ስልቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። የቀሩት መስመሮች ደግሞ የእርሱን ሸክም ተቀብለው በተራቸው ወደ የራሳቸው ክብ ይገባሉ።

ይህ በሰሌዳ ላይ የተሠራ ሒሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1965 ከቀኑ 11 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ላይ፣ በናያግራ ወንዝ ዳር በካናዳ በኩል ካለው የሰር አዳም ቤክ ማመንጫ ወደ ቶሮንቶ አቅጣጫ ኃይል ከሚወስዱት አምስት የ230 ኪሎ ቮልት መስመሮች አንዱን የመጠባበቂያ ሪሌ ቆረጠው። መስመሩ ጤነኛ ነበር። ልኩ የተወሰነው በ1963 ሲሆን 375 ሜጋ ዋት ገደማ ሲደርስ እንዲሠራ ነበር። መስመሩ ራሱ ከዚያ የበለጠ የመሸከም አቅም ነበረው፤ ጭነቱም በሁለት ዓመት ውስጥ አድጎ ወደዚያው ልክ ተጠግቶ ነበር። የመረቡ ተቆጣጣሪዎች ሪሌው እንዲህ ዝቅ ባለ ልክ ላይ እንዳለ አያውቁም ነበር። የቀሩት አራት መስመሮች ወደ ሦስት ሰከንድ በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ወጡ። ወደ ሰሜን ይሄድ የነበረው ኃይል ተገልብጦ ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ጎረፈ፤ በደቂቃዎች ውስጥም 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጨለማ ቀረ።

ከ38 ዓመት በኋላ ታሪኩ ተደገመ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በኦሃዮ ግዛት መስመሮች ከዛፍ ጋር ተነካክተው ወጡ፤ የመቆጣጠሪያ ማዕከሉ የማስጠንቀቂያ ኮምፒዩተርም ሥራ አቁሞ ስለነበር ኦፕሬተሮቹ የሚሆነውን አላዩም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ጉዳዩ ገና የአንድ አካባቢ ጉዳይ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ላይ ሳሚስ ስታር የተባለውን የ345 ኪሎ ቮልት መስመር የቆረጠው ሦስተኛ ዞን ነው፤ በመስመሩ ላይ ከከፍተኛ ከረንትና ከዝቅተኛ ቮልቴጅ በቀር ምንም ብልሽት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሰው እጅ ሊያቆመው የሚችል ነገር አልነበረም። 50 ሚሊዮን ሕዝብ ኃይል አጣ፤ የተቋረጠውም ጭነት 61,800 ሜጋ ዋት ነበር። በስሌቴ ውስጥ 85 ከመቶ ቮልቴጅንና 30 ዲግሪን የመረጥሁት በዘፈቀደ አይደለም። ሰሜን አሜሪካውያን ከዚህ አደጋ በኋላ ባወጡት ደንብ መሠረት፣ አንድ ሪሌ ከሚጣራባቸው መለኪያዎች አንዱ ቮልቴጁ 85 ከመቶ፣ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የመስመሩን የተፈቀደ ጭነት አንድ ጊዜ ተኩል ሳይቆርጥ መቻሉ ነው። የሕንድ መረብም እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2012 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ላይ መውደቅ የጀመረው በቢናና በጓሊዮር መካከል ያለውን የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ያው ሦስተኛ ዞን በጭነት ምክንያት ሲቆርጠው ነበር። በማግሥቱ በደረሰው ሁለተኛ መቋረጥ የተነካው አካባቢ ከ600 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል።

የአውሮፓው አደጋ ጥቂት ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2006 አንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ በኤምስ ወንዝ እንዲያልፍ ተብሎ ከወንዙ በላይ የተዘረጋው የ380 ኪሎ ቮልት መስመር እንዲቋረጥ ተደረገ። ሸክሙ የተዛወረበት የላንደስበርገንና የቬረንዶርፍ መስመር ሁለት ጫፎች በሁለት ኩባንያዎች እጅ ነበሩ፤ የጥበቃው ልክም በሁለቱ ጫፎች የተለያየ ነበር። በአንደኛው ጫፍ ያሉት ተቆጣጣሪዎች በማዶ ያለውን ዝቅተኛ ልክ በስሌታቸው አላስገቡም። መስመሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ወጣ፤ የአውሮፓ መረብም ሦስት ቦታ ተከፈለ። ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ መስመር ለዘረጋች አገር ይህ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ናቸው። ይህን ሁላችንም በደስታ እንናገራለን። በሪሌ ዓይን ሲታይ ግን እያንዳንዱ አዲስ ማመንጫ በነባሩ መስመር ላይ የሚያልፈውን ጭነት ብዛትና አቅጣጫ፣ የብልሽት ከረንቱንም መጠን ይለውጣል። ከዚህም ሌላ ስውር ችግር አለ። በሪሌውና በብልሽቱ መካከል አዲስ ምንጭ ሲገባ፣ ሪሌው ብልሽቱን ከእውነተኛው ቦታ አርቆ ያየዋል። መሐንዲሱም ይህን ለማካካስ ሦስተኛውን ዞን ያሰፋዋል፤ ባሰፋው ቁጥር ክቡ ወደ ጭነቱ ይጠጋል። መረብ ሲያድግ ክቡ ከአንድ ወገን፣ ጭነቱ ከሌላ ወገን እየገፉ ይቀራረባሉ ማለት ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው የቀጥተኛ ከረንት መስመር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እንዲህ ያሉ ኤሌክትሮኒክ መለወጫዎች በብልሽት ጊዜ የሚሰጡት ከረንት ከመደበኛው ብዙም ስለማይበልጥ፣ በከረንት ብዛት ብቻ የሚያምን ሪሌ በአጠገባቸው ሲሆን ዓይኑ ይደክማል።

በአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ በሪሌው ሰሌዳ በር ውስጥ የተለጠፈ የልክ ወረቀት አይቻለሁ። ቁጥሩ በንጹሕ እጅ ተጽፏል፤ ቀንና ፊርማም አለው። ያ ቁጥር ለስንት ሜጋ ዋት ጭነትና በስንት መስመር እንደታሰበ ግን በወረቀቱ ላይ የለም። ስለሆነም ከኋላ የመጣው ሰው ልኩን ሊያከብረው እንጂ ሊመረምረው አይችልም። በሰነድ አያያዛችን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እኔ የምለው፣ ማንኛውም የልክ ወረቀት የታሰበውን ከፍተኛ ጭነት፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅና የመረቡን ሁኔታ እንዲይዝ፣ ከዚያም «ይህ ልክ ጭነቱ ከዚህ ሲያልፍ ወይም እንዲህ ያለ መስመር ሲጨመር ይታይ» የሚል ቃል እንዲጻፍበት ነው። አዲስ መስመር ወይም ማመንጫ የሚያስገባ ፕሮጀክትም በዙሪያው ቢያንስ ሁለት ጣቢያ ድረስ ያሉትን ልኮች አስመርምሮ ውጤቱን ከርክክቡ ሰነድ ጋር ማቅረብ ይኖርበታል። ወጪው ከአንድ ምሰሶ ዋጋ ጋር እንኳ የሚወዳደር አይመስለኝም።

አንዳንድ ባልደረቦች «ሦስተኛውን ዞን ጨርሶ እናጥፋውና እንገላገል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ዋና ጥበቃዎች፣ የተለያዩ ባትሪዎችና ብሬከር እምቢ ሲል የሚሠራ ጥበቃ ባሉበት ጣቢያ አሳቡ ያስኬዳል። ባትሪው አንድ በሆነበት፣ እርሱም ውኃው ከታየ ወራት ባለፈው ጣቢያ ግን የጎረቤትን ዘበኛ ማሰናበት የዌስትዊንግን 39 ሰከንድ መጋበዝ ነው። ዲጂታል ሪሌዎች የጭነትን ክልል ከክቡ ቆርጠው የሚያወጡበት ብልሃት አላቸው፤ ጥሩ ብልሃት ነው። የጭነቱን ቁጥር የሚያስገባው ግን አሁንም ሰው ስለሆነ፣ ያው ቁጥር ያረጃል። ይልቁንም በድሮው የዲስክ ሪሌ ላይ በመስተዋቱ ውስጥ የሚሽከረከረውን ሳሕን ዓይቶ የተማረ ቴክኒሻን፣ በመቶ የሚቆጠሩ ቁጥሮች ካሉት አዲስ ሪሌ ፊት ሲቆም የሚጠይቀው ሰው እንዳያጣ ማሰብ ይገባናል።

ስለ ምዝገባ አንድ ቃል ልጨምር። መስመር ሲወጣ ኦፕሬተሩ ቶሎ ለመመለስ ካለው ጉጉት የተነሣ፣ የትኛው ዞን እንደሠራ የሚያሳየውን ምልክት ሳይጽፍ የመመለሻውን ቁልፍ ይጫናል። በዚያች አንዲት ሰከንድ ጭነት ነው የቆረጠው ወይስ ብልሽት የሚለውን ለመለየት የሚያስፈልገው ማስረጃ ይጠፋል። ኦፕሬተሩን መውቀስ አይገባም፤ በስልክ የሚጠየቀው «መቼ ይመለሳል?» ተብሎ እንጂ «የትኛው ዞን ነው?» ተብሎ አይደለምና። ዘመናዊዎቹ ሪሌዎች ታሪኩን በራሳቸው ይመዘግባሉ፤ መዝገቡን ከሪሌው አውጥቶ የሚያነበው ሰው ግን በስምና በኃላፊነት መመደብ አለበት።

የልክ ወረቀቱ ሊይዝ ይገባዋል ያልሁትን በአንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቼ በአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁ። በየጣቢያችሁ ካለው ጋር እያስተያያችሁ የጎደለውን እንድትጨምሩበትና ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት ላይ እንድናየው እለምናለሁ።