ተመራቂው ወዴት ያስባል?

(በቡሌ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



«ስትመረቅ ውጭ አገር ትሄዳለህን፣ ወይስ የግልህን ሥራ ትጀምራለህ?» እየተባለ ተማሪው ይጠየቃል። በመልሱም አገሩን ይወዳል ወይም አይወድም ተብሎ ይፈረድበታል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ማሰብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መንገዱን የሚወስነው የመጀመሪያውን ገንዘብ የሚያምነው ማን ነው የሚለው ነው።

እዚሁ ቡሌን እንመልከት። ከዲላ ሽቅብ ሲወጣ ቡናው እየሳሳ እንሰቱ እየበዛ ይሄዳል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ከቡናውና ከዛፉ ጋር ይኸው እንሰት ነበረበት። ግንዱ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ተደግፎ ይፋቃል፤ ሥሩ፣ ማለትም አሚቾው፣ ይቀጠቀጣል፤ ከዚያም ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል። ድካሙ በሙሉ ለማለት ይቻላል የእናቶች ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የእንሰት መፋቂያ መሣሪያ ሠርቶ አሳይቷል። ዳሩ ግን ናሙና ለሕዝብ የሚጠቅመው በየቀበሌው የሚሠራው፣ የሚያከራየው፣ ስለቱ ሲደንዝም የሚስለው ሰው ሲገኝ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊገዛው አይችልምና እንደ ወፍጮ ቤት በኪራይ መሥራት ይኖርበታል። ለመካኒካል ምሩቅ ከዚህ የተሻለ የግል ሥራ የት ይገኛል?

ይሁንና ያ ምሩቅ ባንክ ቢሄድ መያዣ ይጠየቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ የአባቱ ጓሮ እንደ ከተማ ቤት ተሽጦ ዕዳ የሚከፍል ንብረት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 መሣሪያና ከብትን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና እንዲያዝ ፈቅዷል። መልካም ነው፤ ግን ቶርኖውን ገና ያልገዛ ሰው ምን ያስይዛል?

ያው ወጣት «ውጭ ልሄድ ነው» ያለ ዕለት ግን አጎት በሬ ይሸጣል፣ እናት የእቁብ ዕጣዋን ትሰጣለች። ከውጭ በተላከ ገንዘብ ቤት ሲሠራ ጎረቤቱ ሁሉ አይቷላ! በብዙ አገር የመሐንዲስነት ፈቃድ እንደገና በፈተና የሚገኝ መሆኑ፣ ምሩቁም እስከዚያው በሌላ ሥራ የሚያሳልፋቸው ዓመታት፣ ከዚህ ሆኖ አይታዩም። እንግዲህ ወጣቱ የሚሄደው እምነት ወደተጣለበት ነው።

ስለዚህ ዎርክሾፕ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ቶርኖአችሁንና የብየዳ መሣሪያችሁን በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ምሩቅ ልቀቁለት፤ ክፍያው ከመጀመሪያው መፋቂያ ኪራይ ይምጣ። ተማሪዎችም የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት የቡሌ እናቶች በቀን ስንት ሰዓት እንደሚፍቁ፣ ለኪራይም ስንት ሊከፍሉ እንደሚችሉ ጠይቁ። የኪራዩን መልስ ይዛችሁ ኑ፤ ሥዕሉን አብረን እናወጣለን።