ቶክዮ በተሽከርካሪ ወንበር ስትለካ



መሐንዲስ አንድን ከተማ ለማወቅ ሲሻ ካርታ ይዘረጋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ግን ከተማውን የሚለካው በመንኰራኵሩ ነው። ለእግረኛ ከቁጥር የማይገባ አንድ ደረጃ ለእርሱ የመንገዱ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ከእስያ ታላላቅ ከተሞች አንዷ የሆነችው ቶክዮ በዚህ መለኪያ ስትታይ ምን እንደምታስተምር ማመልከት ነው። ዓመቶቹ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቶክዮን የሚዞረው የያማኖቴ ባቡር መሥመር 34.5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 30 ጣቢያዎች አሉት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚጓዝ እንግዳ ጣቢያ ሲደርስ መድረሻውን ለሠራተኛው ይነግራል። ሠራተኛውም ተንቀሳቃሽ መሸጋገሪያ ይዞ ወደ መሳፈሪያው መድረክ ያደርሰዋል፤ ባቡሩ ሲቆም በመድረኩና በፉርጎው መካከል ያለውን ክፍተት በመሸጋገሪያው ይሸፍናል። እንግዳው የተሳፈረበትን ፉርጎ ለይቶም ለመድረሻው ጣቢያ ያስታውቃል። እዚያ በሩ ሲከፈት ሌላ ሠራተኛ ሌላ መሸጋገሪያ ዘርግቶ ይቀበለዋል።

ይህ አሠራር የሚመሰገን ነው። ሆኖም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መልእክቱ እስኪተላለፍ ባቡር ያልፋል፤ ተጓዡም እንደ ሌላው ሰው በድንገት አሳቡን ለውጦ ከመንገድ ላይ ልውረድ ቢል አይመቸውም። ረዳት ማግኘትና በራስ መሄድ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በብዙ ጣቢያዎች የመድረኩን ከፍታ ከፉርጎው ወለል ጋር የማስተካከልና ክፍተቱን የማጥበብ ሥራ ተሠርቷል። እንዲህ በሆነበት ቦታ ተጓዡ ማንንም ሳይለምን ይገባል፤ ይወጣል።

በአሳኩሳ ሰፈር የሚገኘው ሴንሶጂ የተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስም ጥሩ ምሳሌ ነው። ወደ እርሱ የሚወስደው፣ ሱቆች ግራና ቀኝ የተደረደሩበት 250 ሜትር ያህል መንገድ ለጥ ያለ ነው። በ1945 በአየር ድብደባ የተቃጠለው ዋናው አዳራሽ በ1958 ሲታነጽ ከፊቱ ትልቅ ደረጃ ነበረው፤ በኋላ ከጎኑ አሳንሰር ተጨመረለት። በዚህም ምክንያት ክብሩ አልተነካም፤ የሚገባበት ሰው በዛ እንጂ።

ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ይታያል። መውጫዎቹ ከመቶ በላይ በሆኑት በሺንጁኩ ጣቢያ አሳንሰር ያለው በጥቂቶቹ ብቻ ስለሆነ፣ እግረኛ በአጭሩ የሚያቋርጠውን ባለ ወንበሩ ዞሮ ይደርስበታል። ትናንሽ ምግብ ቤቶች በራቸው ጠባብ፣ መግቢያቸው ባለ ደረጃ የሆነ ብዙ ናቸው።

የተገኘው መሻሻል ያለ ትግል አልመጣም። በኤፕሪል 1977 ከቶክዮ ጋር በምትዋሰነው በካዋሳኪ፣ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሮች ያለ አጃቢ አትሳፈሩም መባላቸውን በመቃወም አውቶቡሶች ላይ ወጥተው አንወርድም አሉ። ከዚያ በኋላ በ1994 ስለ ሕንፃዎች፣ በ2000 ስለ መጓጓዣ ሕግ ወጣ፤ በ2006 ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ሆኑ። የ2000ው ሕግ በቀን ከ5,000 በላይ መንገደኛ የሚያስተናግዱ ጣቢያዎች እስከ 2010 እንዲስተካከሉ ግብ አስቀመጠ። መብት የነበረው ጥያቄ ወደ ቁጥር ተለወጠ፦ የበር ስፋት ከ80 ሴንቲሜትር እንዳያንስ፤ ለ1 ሜትር ከፍታ የተዳፋቱ ርዝመት ከ12 ሜትር እንዳያንስ። መሐንዲስ የሚታዘዘው ለእንዲህ ያለው ቋንቋ ነው።

አንዳንዱ ይህ ለጥቂቶች የሚደረግ ወጪ ነው ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ ከዚያችው ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1964 አበበ ቢቂላ የቶክዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ አሸነፈ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በዚያው ከተማ 21 አገሮች የተካፈሉበት የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተከፈተ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ፣ በ1969፣ ያ ጐዳናዎቹን በእግሩ የረታ ጀግና በመኪና አደጋ ምክንያት የተሽከርካሪ ወንበር ሰው ሆነ። እንግዲህ ንድፍ የሚነድፍ ባለሙያ «እነርሱ» ብሎ ለይቶ የሚያስቀምጠው ወገን ከቶ የለም።

በኢትዮጵያም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። አዋጁን ሕይወት የሚሰጠው ግን የእናንተ እርሳስ ነው። ንድፉ ከመፈረሙ አስቀድሞ ከአስፋልቱ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ክፍል፣ እስከ መጸዳጃ ቤቱም ድረስ፣ በባለ ወንበሩ መንገድ እርሳሱን መንዳት ይገባል። እርሳሱ ደረጃ ላይ ከቆመ ሥራው አልተፈጸመም።